ከጠገራ ብር እስከ ቴሌብር

በኢንተርኔት ልብስ የምትሸጥ የቀድሞ ተማሪዬ በቅርቡ «ክፍያ በምን ልቀበል? ሒሳቤንስ በምን ልያዝ?» ስትል ጠየቀችኝ። የታሪክ መምህር ነኝና ወደ ኋላ ሄድሁ።

ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የራሳቸውን ብር ቢያሠሩም፣ ነጋዴው 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን የኦስትሪያውን ጠገራ አልለቀቀም፤ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጥ እየመረመረ ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው ቴሌብርም የሚመዘነው በዚሁ ነው፦ ደንበኞቿ የሚጠቀሙበት ከሆነ ትቀበልበት።

ሒሳቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የክፍያ መተግበሪያ ገንዘብ መግባቱን ይናገራል፤ ልብሱ በስንት እንደተገዛ፣ ማን ዱቤ እንዳለበት አያውቅም። ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ያሳተመው ድርብ የሒሳብ አመዘጋገብ ይህን ያሟላል፤ ለጀማሪ ኤክሴል ይበቃል። መዝገቡን ለመተግበሪያው ብቻ የተወ ነጋዴ፣ አካውንቱ የታገደ ዕለት ምን ማስረጃ ያቀርባል?

ተማሪዬ ግን ደብተር ገዛች።