ጭስ ረድፍ አይቆጥርም

አውሮፕላን ተሳፍራችሁ መጸዳጃ ቤት ለመግባት ወረፋ የያዛችሁ እንደሆነ በሩን እስኪ ልብ ብላችሁ እዩት። አውሮፕላኑ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ቢሆንም ግድ የለም፤ በሩ ላይ ወይም አጠገቡ ትንሽ የሲጋራ መተርኮሻ ታገኛላችሁ። ማጨስ ክልክል እንደሆነ የሚናገረው ምልክት ደግሞ እዚያው ነው። እኛ መጀመሪያ ስናያት ስቀናል። ከልክለው ሲያበቁ መተርኮሻ ማዘጋጀት ምን የሚሉት ነገር ነው? ነገሩን ስናጣራ ግን ሳቃችን ቀዘቀዘ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ታሪኩ በአብዛኛው የእነሱ ነውና።)

በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው ማመኑ ይከብዳል እንጂ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ለትምህርት ባሕር ለተሻገሩ አባቶችና አጎቶች ሰማይ ላይ ማጨስ ተራ ነገር ነበር። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከፍ ሲል "አታጭሱ" የሚለው መብራት ይጠፋል። ከዚያ ከፊትም ከኋላም የክብሪትና የላይተር ድምፅ ነው። መተርኮሻው በየወንበሩ እጀታ ላይ ተገጥሟል። አንዳንድ የአሜሪካ አየር መንገዶችማ ከምግቡ ጋር አራት ፍሬ የያዘች ሚጢጢ ፓኮ ያድሉ ነበር። ሲጋራ እንደ ቡናው፣ እንደ ብርድ ልብሱ የመስተንግዶው አካል ነበር ማለት ነው። ጭስ የማይወድ መንገደኛ "እባክህ መስኮት ክፈትልኝ" እንዳይል ያለው ሰማይ ላይ!

ለነገሩ ሰው ለሲጋራ ሲል የማያደርገው የለም። ከጄቱ ዘመን በፊት አትላንቲክን ያቋርጥ የነበረው ሂንደንበርግ የተባለው የጀርመን የአየር መርከብ ሆዱ ሁለት መቶ ሺህ ሜትር ኩብ በሚደርስ ሃይድሮጂን የተሞላ ነበር፤ በአንዲት ብልጭታ የሚነድ ጋዝ። መንገደኛው ክብሪትና ላይተሩን አስረክቦ ይሳፈራል። ውስጥ ግን የማጨሻ ክፍል ተዘጋጅቶለታል! ጋዝ ሾልኮ እንዳይገባ የክፍሉ አየር ግፊት ከፍ ይደረጋል፤ በሩ ድርብ ነው፤ ያለው አንድ የኤሌክትሪክ መለኮሻ ብቻ። በ1937 ሂንደንበርግ ተቃጥሎ 36 ሰዎች አለቁ። የሚገርመው የእሳቱ መነሻ ያ ክፍል አልነበረም።

ወደ መተርኮሻዋ እንመለስ። ሐምሌ 11 ቀን 1973 የብራዚሉ ቫሪግ አየር መንገድ ቦይንግ 707 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ እየበረረ ነበር። ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከኋለኛው መጸዳጃ ቤት ጭስ ወጣ። አብራሪዎቹ ጭሱ የፊታቸውን መሣሪያ ጋርዶባቸው በጎን መስኮት አሻግረው እያዩ ከማኮብኮቢያው ወዲህ እርሻ ላይ አሳረፉት። ማረፉንስ አረፈ። ነገር ግን ከተሳፈሩት 134 ሰዎች 123ቱ ሞቱ፤ የሚበዙት ደግሞ የሞቱት በመሬቱ ምት ሳይሆን በጭሱ ታፍነው ነው። ከ117ቱ መንገደኞች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። የእሳቱ መነሻ በእርግጠኝነት አልተለየም፤ ዋነኛው ጥርጣሬ ግን ወረቀት የሞላው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ በተጣለ ቁራጭ ሲጋራ ላይ ወደቀ።

የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በዓመቱ፣ በ1974፣ መመሪያ አወጣ፦ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ይሁን፣ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ፣ በሩም ላይ መተርኮሻ ይኑር። መተርኮሻው ለምን? ሕግ የሚጥስ ሰው መቼም እንደማይጠፋ ስለሚታወቅ። ተደብቆ የለኮሰ ሰው ድንገት ሲደነግጥ ቁራጩን ወረቀት መሐል እንዳይወረውረው ነው። ደንቡ ዛሬም ማጨስ ቢፈቀድም ባይፈቀድም መተርኮሻዋ ትኑር ይላል። የሰውን ጠባይ እንዲህ ጠንቅቆ ያወቀ መንግሥታዊ መመሪያ አይተን አናውቅም።

ለእሳቱ ፈጥኖ መላ ተገኘለት። ለጭሱ ግን አልተገኘም፤ ምክንያቱም ጭስ እንደ እሳት በአንድ ቀን 123 ሬሳ አያሳይም።

ለጭሱ መጀመሪያ የተሰጠው መፍትሔ ወንበር መከፋፈል ነበር። በ1971 ዩናይትድ አየር መንገድ የአጫሾችንና የማያጨሱትን መቀመጫ ለየ። በ1973 ደግሞ የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ቦርድ ሁሉም አየር መንገዶች እንዲህ እንዲያደርጉ አዘዘ። እንግዲህ አስቡት፦ 19ኛው ረድፍ አያጨስም፣ 20ኛው ያጨሳል። በመካከላቸው ግድግዳ የለም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ዕጣን አጭሶ "ሽታህ ከአልጋው ወዲህ እንዳትመጣ" ብሎ እንደማዘዝ ነው። ይባስ ብሎ የቀድሞዎቹ ጄቶች አየራቸውን በሙሉ ከውጭ ሲያስገቡ፣ በ1980ዎቹ የመጡት ብዙዎቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ግማሽ ያህሉን የውስጥ አየር መልሰው ያዘዋውሩ ጀመር። ያው ጭስ ዞሮ ይመጣል ማለት ነው።

በ1989 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በአራት በረራዎች ላይ ዘጠኝ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በማይጨስበት ክፍል አንዳንድ ቦታዎች የተለካው ኒኮቲን ከሚጨስበት ክፍል ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። በማያጨሱት ክፍል የተመደቡ አስተናጋጆችም ከጭሱ አልዳኑም።

እኛን ይበልጥ የያዘን ይህ የአስተናጋጆቹ ነገር ነው። መንገደኛው ቢቸገር የአንድ ቀን ችግር ነው፤ ሲወርድ ልብሱን ያጥባል፣ ይረሳዋል። ሆስተሷ ግን በዚያ ጭስ ውስጥ ትሪ ይዛ ከጫፍ ጫፍ ትመላለሳለች፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ወንበር ልቀይር አትል፣ ወንበር የላትም። ክልከላውን ያመጣው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሐኪሞችና በፖለቲከኞች ስም ነው። ግን እንደ ፓቲ ያንግ ያሉ የበረራ አስተናጋጆች ዓመታት ሙሉ "ይህ የሥራ ቦታችን ነው" እያሉ ባይጮኹ ኖሮ ወሬው በ"መንገደኛ መብት" ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር ብለን እናምናለን።

ፖለቲካውም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። በ1987 ሪቻርድ ደርቢን የተባለ የኢሊኖይ የምክር ቤት አባል አጫጭር በረራዎች ላይ ሲጋራ ይከልከል የሚል ሐሳብ አቀረበ። አባቱ በሳንባ ካንሰር ሲሞቱበት የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ትንባሆ አብቃዮቹን ወክለው የመጡ እንደራሴዎች ቢቃወሙትም ሐሳቡ 198 ለ193 አለፈ። አምስት ድምፅ! በሚያዝያ 1988 ከሁለት ሰዓት ለማይበልጡ የአገር ውስጥ በረራዎች ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1990 ወደ ስድስት ሰዓት ከፍ አለ፤ በ2000 ወደ አሜሪካ የሚገባውንም የሚወጣውንም በረራ ሁሉ ያዘ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም በ1992 አገሮች እስከ 1996 ዓለም አቀፍ በረራዎቻቸውን ከጭስ እንዲያጸዱ ጠይቆ ነበር።

ለኖርማ ብሮይን ግን ዘገየ። ኖርማ የአሜሪካን አየር መንገድ አስተናጋጅ ነበረች። ሞርሞን ናት፤ ሃይማኖቷ ትንባሆን ይከለክላል፣ በሕይወቷም አጭሳ አታውቅም። በ1989፣ ገና በ32 ዓመቷ፣ የሳንባ ካንሰር ተገኘባት። በ1991 እሷና ባልደረቦቿ 60 ሺህ ያህል የማያጨሱ የበረራ አስተናጋጆችን ወክለው ማያሚ ላይ የትንባሆ ኩባንያዎችን ከሰሱ። ጠበቆቻቸው ስታንሊና ሱዛን ሮዘንብላት የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ክርክሩ በ1997 ተጀምሮ በዚያው ዓመት ጥቅምት በስምምነት ተቋጨ። ኩባንያዎቹ በጭስ የሚመጡ በሽታዎችን ለሚያጠና ተቋም 300 ሚሊዮን ዶላር፣ ለጠበቆቹ ደግሞ 49 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። አስተናጋጆቹስ? በእጃቸው አንድ ሳንቲም አልገባም። ያገኙት እያንዳንዳቸው ለየብቻ የመክሰስ መብት ነው። ይህን ስናነብ ተናደናል፤ አሁንም ስንጽፈው አልበረደልንም። ስምምነቱን የሚያሞግሱ አሉ፤ ምርምሩ ብዙ ሰው ጠቅሟል ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። ሳንባው ግን የእነሱ ነበር።

እኛ አገር ቤት ውስጥ የሚጨስ ሲጋራን ጨርሶ የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112 የወጣው በ2019 ነው። አዋጁ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን የተዘጉ ቦታዎች ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታዎችንም ይጠቅሳል። ከዚያ በፊት በየመጠጥ ቤቱ ስናመሽ ጭሱ ዓይናችንን ሲለበልበን "ትንሽ አየር እንቀበል" እያልን በረንዳ እንወጣ ነበር። ስንመለስ ቢራውን የምታቀርብልን ልጅ እዚያው ጭሱ ውስጥ ቆማ ትጠብቀናለች።