በማር ውስጥ እንደ መዋኘት፦ የረቂቃን ዋናተኞች ሒሳብና ፊዚክስ ታሪክ

በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ ይኖር የነበረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1676 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የለንደን ሊቃውንት ማኅበር ረዥም ደብዳቤ ጻፈ። ቁንዶ በርበሬ የተዘፈዘፈበትን ውኃ በገዛ እጁ በሠራው አጉሊ መነጽር ሲመለከት፣ ለቁጥር የሚያታክቱ ጥቃቅን እንስሳት ወዲያና ወዲህ ሲሯሯጡ ማየቱን ገለጸ። የማኅበሩ አባላት ነገሩን ለማመን ተቸገሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት ሁክ ሙከራውን ደግሞ በዓይኑ ካየ በኋላ ግን ጥርጣሬው ተወገደ። እነዚህ ፍጥረታት እንዴት እንደሚዋኙ በሒሳብ ለማስረዳት የመጀመሪያው ጽኑ እርምጃ የተወሰደው ግን ከ275 ዓመታት በኋላ ነው።

መዘግየቱ ከሊቃውንቱ ስንፍና የመጣ አይደለም። ስለ ዋና የነበረው ዕውቀት በአመዛኙ የተቀዳው ከዓሣና ከመርከብ ነበር። ዓሣ በጭራው ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ የተገፋው ውኃ በአጸፋው ዓሣውን ወደ ፊት ያስኬደዋል፤ ጭራውን መምታት ቢያቆም እንኳ በያዘው ፍጥነት ጥቂት ይንሸራተታል። ይህ አስተሳሰብ በረቂቃኑ ዓለም ፈጽሞ አይሠራም። የማንቸስተሩ መሐንዲስ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 በመስተዋት ቱቦ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ቀጭን የቀለም መስመር እየለቀቀ፣ መስመሩ መቼ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድና መቼ እንደሚበጣጠስ ሲመረምር፣ ነገሩ የሚወሰነው በአንድ ቁጥር መሆኑን አሳይቶ ነበር። ቁጥሩ የሚገኘው ስፋትን፣ ፍጥነትንና የፈሳሹን እፍግታ አባዝቶ ለዝልግልግነቱ በማካፈል ነው። በገንዳ ለሚዋኝ ሰው ይህ ቁጥር ከ10,000 በላይ ይሆናል። ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 30 ማይክሮሜትር ገደማ ለሆነው ኤሸሪሺያ ኮላይ ለተባለው ባክቴሪያ ግን የአንድ አሥር ሺህኛ ያህል እንኳ አይሞላም። ሰው ወደዚህ ሁኔታ ልጠጋ ቢል፣ ማር በሞላው ገንዳ ውስጥ ገብቶ እጁን በደቂቃ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ማንቀሳቀስ ይኖርበታል። በዚህ ዓለም የጀመሩትን ጉዞ በራስ ግፊት መቀጠል የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የፈሳሹ መጎተት ብቻ ነው።

በ1951 ይህን ዓለም በሒሳብ የደፈረው የካምብሪጁ ጂኦፍሪ ኢንግራም ቴይለር ነው። ቴይለር የሎጂክ ሊቁ የጆርጅ ቡል የልጅ ልጅ ሲሆን፣ በጀልባ መጓዝ የሚወድና አዲስ ዓይነት የመርከብ መልሕቅም የፈለሰፈ ሰው ነበር። በ65 ዓመቱ ባሳተመው ጽሑፍ ራሱን፣ ጭራውንና የሰውነቱን ቅርፅ ሁሉ ትቶ፣ ሞገድ የሚተላለፍበትን ወሰን የሌለው ስስ ንጣፍ ብቻ አሰበ። እንዲህ ያለ ፍጥረት በተፈጥሮ የትም አይገኝም፤ የቴይለር ድፍረትም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ስሌቱ እንዳሳየው ንጣፉ ከሞገዱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛል። የሞገዱ ከፍታ ከርዝመቱ አንጻር ትንሽ እስከሆነ ድረስም፣ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ሁለት ንጣፎች ጎን ለጎን ሆነው ሞገዳቸው ሲገጥም የሚባክነው ኃይል ያነሰ መሆኑን አስረዳ። ኋላም በ1960ዎቹ በተቀረጸ የትምህርት ፊልም፣ ጭራውን ግራና ቀኝ የሚመታ መጫወቻ ዓሣ በውኃ ሲዋኝ፣ ወፍራም ሽሮፕ ውስጥ ሲገባ ግን ባለበት ሲንፈራገጥ አሳይቷል። ጭራው እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘው መጫወቻ ግን በሽሮፑም ውስጥ ሄደ።

ከአራት ዓመት በኋላ የሥነ እንስሳት ሊቁ ጄምስ ግሬይና የሒሳብ ሰው የሆነው ሃንኮክ ነገሩን ከሕያው ፍጡር ጋር አገናኙት። ቀጭን ዘንግ በማር ውስጥ በጎኑ ሲጎተት የሚገጥመው መከላከል፣ በቁመቱ ሲጎተት ከሚገጥመው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የጭራው ሞገድ ግፊት የሚያገኘው ከዚህ ልዩነት ነው። ሁለቱ በዚህ መንገድ ያሰሉት የባሕር ጃርት ዘር ሕዋስ ፍጥነት፣ በአጉሊ መነጽር ከተለካው ጋር በእጅጉ ተቀራርቦ ተገኘ።

የባክቴሪያ ጭራ ግን ሌላ ክርክር አስነሣ። በዘመኑ ብዙዎች ይህም ጭራ እንደ ዘር ሕዋስ ጭራ ይሞገዳል ብለው ያምኑ ነበር። ሕያው ፍጡር እንደ መንኮራኩር የሚሽከረከር አካል አለው ማለት ለባለሙያዎች ጆሮ እንግዳ ነበረ። በ1973 ሃዋርድ በርግና ሮበርት አንደርሰን ቀድሞ የታተመውን ማስረጃ መልሰው መርምረው፣ ጭራው አይሞገድም፣ ከሥሩ ይሽከረከራል ሲሉ ተከራከሩ። በሚቀጥለው ዓመት ማይክል ሲልቨርማንና ሜልቪን ሳይመን ጭራውን በፀረ አካል ከመስተዋት ጋር አጣበቁት። ጭራው ሲያዝ ሰውነቱ ራሱ መሽከርከር ጀመረ፤ ክርክሩም በዚሁ ተቋጨ። በሕዋሱ ቅርፊት ላይ የተተከለው ይህ ሞተር ስፋቱ 45 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚያዞረው ወደ ውስጥ የሚፈሰው የፕሮቶን ጅረት ነው።

የኖቤል ተሸላሚው ኤድዋርድ ፐርሰል በ1977 ባሳተመው አጭር ንግግር፣ እስከዚያ ድረስ የጥቂት ሊቃውንት የነበረውን ዕውቀት ለፊዚክስ ባለሙያዎች በሙሉ አደረሰው። ባክቴሪያው ሞተሩን ቢያቆም ከሃይድሮጅን አቶም ስፋት ባነሰ ርቀት ውስጥ ቀጥ እንደሚል አስልቶ አሳየ። ስካሎፕ የተባለው ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ፍጡር በዚህ ዓለም መዋኘት እንደማይችልም አስረዳ፤ ክዳኑን በዝግታ ቢከፍትና በፍጥነት ቢዘጋ እንኳ፣ እንቅስቃሴው በሄደበት መንገድ ስለሚመለስ ከነበረበት አይለቅም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአንድ ዋናተኛ ጉዳይ ነበር። ወደ ኢንዱስትሪ ያሸጋገረው በአሜሪካ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሰው ጆን ኬስለር ሲሆን፣ ስሙ ከፐርሰል እኩል አለመነሣቱ ያሳዝናል። ክላሚዶሞናስ የተባለው አልጌ የሰውነቱ የታችኛው ክፍል ስለሚከብድ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይዋኛል። በሚፈስ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ፍሰቱ ያዘነብለዋል። ኬስለር በ1985 እንዳስረዳው፣ ውኃው በቱቦ ቁልቁል ሲፈስ አልጌዎቹ ወደ ቱቦው መካከል ይሰበሰባሉ፤ ሽቅብ ሲፈስ ደግሞ ወደ ግድግዳው ይበተናሉ። ይህም በመርሕ ደረጃ ዋናተኛውን ያለ ወንፊትና ያለ ማሽን ማጠራቀም ይቻላል ማለት ነው።

የነገሩ ክብደት የሚታወቀው በማምረቻው ገንዳ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1978 እስከ 1996 ከአልጌ ነዳጅ ለማውጣት ሰፊ ፕሮግራም አካሂዶ ነበር፤ ነዳጁ ከድፍድፍ ዘይት ጋር በዋጋ ሊወዳደር ስላልቻለ ተቋረጠ። በክፍት ገንዳ በአንድ ሊትር ውኃ የሚገኘው አልጌ ብዙውን ጊዜ ከ1 ግራም በታች ስለሆነ፣ ማማሰሉና ማጣራቱ ብዙ ኃይል ይበላል። ለቤታ ካሮቲን ሲባል በአውስትራሊያ በጨው ውኃ የሚመረተው ዱናልየላ ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ወጪውን ቻለ፤ ነዳጅ ግን አልቻለም።

መሐንዲሶች ቱቦና ገንዳ ሲነድፉ አልጌውን በውኃ እንደ ሟሟ ጨው ቆጥረው ማስላት ለምደዋል። ይህ ስሌት ራሱ በ1953 በቱቦ ውስጥ ስለሚሠራጭ ሙሟ ከጻፈው ከቴይለር የመጣ ነው፤ እንደ እርሱ ስሌት ሙሟው በአማካይ የሚጓዘው በውኃው አማካይ ፍጥነት ነው። ማርቲን ቢስና ኦታቪዮ ክሮዜ በ2010 ያንኑ ዘዴ ለሚዋኙ ሕዋሳት አስፋፍተው ሲያሰሉ ሌላ ውጤት አገኙ። ቁልቁል በሚፈስ ቱቦ አልጌው ፍሰቱ ፈጣን በሆነበት መካከል ስለሚሰበሰብ ከውኃው አማካይ ፍጥነት ቀድሞ ይሄዳል፤ በውኃው የሟሟው ምግቡ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። በ2017 ከራቸል ቢሮን ጋር ሆነው ባሳተሙት ሙከራ፣ በቀጥተኛ ቱቦ ውስጥ ዱናልየላንና ቀለምን አብረው ለቅቀው ሲከታተሉ፣ ዱናልየላው ቀለሙን ቀድሞት ተገኝቷል።