በመካኒሳ አካባቢ የማርና የጠጅ አጓጓዝና አከመቻቸት

መካኒሳ የሚለው ቃል በኦሮምኛ የብሳና ዛፍ መጠሪያ ነው። ብሳና ደግሞ በንብ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ የማር ዛፍ ስለ ኾነ፥ ለምርመራችን ከዚህ ስም መነሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው፥ ጣፋጭ ፈሳሽ ከተገኘበት ስፍራ ወደሚጠጣበት ስፍራ እንዴት ይጓዝ እንደ ነበረ፥ በምን ይከማች እንደ ነበረ፥ ድካሙም በማን ጫንቃ ላይ ይወድቅ እንደ ነበረ ነው።

ስለ አገራችን መጠጥ ሲነገር፥ ጠጅ ከቤት ወጥቶ የሩቅ ንግድ ዕቃ ያልኾነው መንገድና መኪና ስላልነበረ ነው የሚል አሳብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኛ ግን ይህ አሳብ ከነገሩ ግማሹን ብቻ የሚያስረዳ ይመስለናል። ማር መንገድ ባልነበረበት ዘመንም ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች እስከ ቤተ መንግሥት ድረስ ይጓዝ ነበርና። ልዩነቱ ያለው በፈሳሹ ጠባይ ላይ ነው። ንብ ከአበባ የምትቀስመውን ቀጭን ውሃ በክንፏ እያናፈሰች ታደርቀዋለች፤ ውሃው ከመቶ 20 እጅ ገደማ በታች ሲደርስም የማሩን እንጀራ በሰም ትከድነዋለች። እንዲህ የወፈረ ማር በቅልም፥ በስልቻም፥ በሸክላም ቢቀመጥ ለብዙ ጊዜ አይበላሽም። ነገር ግን ውሃ ሲጨመርበት ብርዝ ይኾናል፤ ብርዝም ጥቂት ቀን ሲያድር መፍላት ይጀምራል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው የሚያጓጉዘው ማሩን ነው፤ ውሃውን በደረሰበት ያገኘዋል።

ይህ ነገር በሌላ አገር ምን እንደሚመስል ብናስተያይ ይበልጥ ይገለጥልናል። በካናዳና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በክረምቱ መጨረሻ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ ግንዱን በስተው ጣፋጭ ፈሳሽ ይቀዳሉ። የዛፉ ፈሳሽ ግን ስኳሩ ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ስለ ኾነ፥ 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል መቅዳትና ማፍላት ያስፈልጋል። ሙቀት ከነካውም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ የዚያ አገር ገበሬ ማፍያ ቤቱን በዛፎቹ አጠገብ ይሠራል፤ ፈሳሹንም በባልዲና በበረዶ ላይ በሚጐተት ጋሪ፥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህም በላስቲክ ቱቦ ቍልቍል ወደ ማጠራቀሚያው ያወርዳል። በእኛ አገር ውሃውን የማድረቁን ሥራ ንብ አስቀድማ ጨርሳዋለች። ማገዶው ተረፈ ማለት ነው፤ ሸክሙ ግን አልቀረም።

በጥንት ጊዜ ይህ ሸክም የገባሩ ነበር። ማር ከግብር ዓይነቶች አንዱ ኾኖ ጕንዶ በተባለው መስፈሪያ ይገባ ነበር። ከዚህም ሌላ፥ የግንደበል መሬት የያዘ ሰው የንጉሡን ድንኳንና ስንቅ በገዛ ከብቱ ጭኖ የማድረስ ግዴታ ነበረበት። ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ግብር ብላታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» በሰፊው ይገኛል። እንግዲህ ማሩን ቈርጦ ያወጣውና በጀርባው ያደረሰው ሰው ጠጁን ይጠጣ ነበርን? በ19ኛው መቶ ዓመት ሸዋን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች ጠጅ መጣል ያለ ንጉሡ ፈቃድ እንደማይቻል ጽፈዋል። ገባሩ የሚጠጣው ጠላ ነበር። የዓይነት ግብርና የጕልበት ግዴታ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች በገንዘብ እንዲተካ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ማር ወደ ከተማ የሚገባው በግብርነት ሳይኾን በነጋዴ እጅ፥ በጅማ መንገድ መኪና ተጭኖ፥ ብዙ ጊዜም በጋዝ ጣሳ ነው።

ስለ ጋን ጥቂት ልናብራራ እንወዳለን፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ግብር አዳራሽ ሲጽፉ ብርሌውንና ዋንጫውን እያነሡ ጋኑን ይዘነጉታልና። ጋን ታቹ ክብ ስለ ኾነ ብቻውን አይቆምም። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለው ተረት ከዚሁ የመጣ ነው። ሞልቶ ከተቀመጠ በኋላ የሚያነሣው የለም። ጠጅ ጣይዋ አስቀድማ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽታ ታጥበዋለች፤ ከዚያ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ማሩን በሦስት እጅ ያህል ውሃ በጥብጣ ትከድነዋለች፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ የተንሳፈፈውን ሰፈፍ ትገፍፋለች፤ ጌሾውን ቀቅላ ትጨምርበታለች፤ በየቀኑም ታማስለዋለች። እንደ አየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜ ከ8 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። በመጨረሻም በጨርቅ ታጠልለዋለች። ይህን ሥራ ኹሉ ከሞላ ጐደል የሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ከማሩ ሦስት እጥፍ የሚኾነውን ውሃ በእንስራ ከወንዝ ያመላለሱትም እነርሱው ናቸው። ስለዚህ ከገባሩ ጫንቃ ላይ የቀረው የውሃው ሸክም በሴቲቱ ጀርባ ላይ ዐረፈ ብንል ማጋነን አይኾንብንም።

የመካኒሳ ነገር እዚህ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚሁ ሰፈር የብሔራዊ አልኮልና መጠጥ ፋብሪካ ቅርንጫፍ ይገኛል። ፋብሪካው አልኮል የሚያወጣው ከሞላሰስ ነው፤ ሞላሰስ ማለት ስኳር ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ወፍራም ዝቃጭ ሲኾን፥ በአገራችን በብዛት መገኘት የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው፤ እንደ ማር ወፍራም ስለ ኾነም በቦቴ መኪና ተጭኖ ሩቅ መንገድ ሲመጣ አይፈላም። ፋብሪካው ከደረሰ በኋላ ግን በውሃ ይቀጥናል፥ እርሾ ይገባበታል፥ ፈልቶም ይጣራል። የጠጅ ጣይዋና የመሐንዲሱ ሕግ አንድ ነው፤ የብረቱ ጋንም እንደ ሸክላው ከቦታው አይነሣም። ልዩነቱ ውሃውን የሚያመጣው ቧንቧ መኾኑ ነው፤ ይህም ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ዛሬ በብዙ ጠጅ ቤቶች የሸክላውን ጋን የላስቲክ በርሜል ተክቶታል። ጠጅም በጀሪካን እየተቀዳ ለሠርግና ለድግስ ወደ ሩቅ ሰፈር መሄድ ጀምሯል። ነገር ግን መፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በጀሪካን ውስጥ መሥራቱን አይተውም። የጫነው ሰው ክዳኑን ጥቂት ላላ ሳያደርግ ከተጓዘ ጀሪካኑ ተነፍቶ ያገኘዋል።