ከቫዮሊን እስከ ድጓ፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ኑሮና ሙዚቃ

በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ነገሥታት እንድጽፍ የጠበቁ ወዳጆቼ ብዙዎች ነበሩ። እኔ ግን ስለ አንዲት ፒያኖ ተጫዋች መነኩሲት መጻፍን መረጥሁ። ምክንያቱም እኛ በዱራሜ፣ በሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ የምንማር ልጆች፣ የሙዚቃ ነገር በተነሣ ቁጥር የማንስማማበት አንድ ክርክር አለን። አንደኛው ወገን የውጭ አገር ሙዚቃ የሚወድ ልጅ የአባቶቹን ዜማ ንቋል ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ በክራርና በከበሮ ብቻ ተወስኖ መኖር ወደ ኋላ መቅረት ነው ይላል። የሚገርመው ግን ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሰው አንዱን ካልጣለ ሌላውን ሊይዝ አይችልም በማለታቸው ነው። ይህ አባባል እውነት መሆኑን ለመመርመር፣ በሙዚቃ ውስጥ ኖሮ ያለፈ የአንድ ሰው ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢታይ ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በወጣትነታቸው በሚስዮናውያን እጅ ያደጉና በውጭ አገር የተማሩ፣ በዘመኑ ከታወቁት ምሁራን አንዱ ነበሩ። በዚያው በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ፣ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ አርባ የአርመን ልጆች በሙዚቃ ጓድ ተሰልፈው ሲጫወቱ አይተው ወደ አገራችን እንዲመጡ አደረጉ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። እንግዲህ የውብዳር የተወለዱት የአውሮፓ የሙዚቃ መሣሪያ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ገና መሰማት በጀመረበት ዘመን መሆኑን እናስተውል።

ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። (እኚህ ስንዱ ገብሩ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክትሪስ የሆኑት፣ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለፓርላማ በመመረጥ ከኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያዋ የሆኑት ናቸው።) ሕፃኒቱ በዚያ ቫዮሊን ተማሩ። ቫዮሊንና ማሲንቆ ሁለቱም በጅራት ፀጉር ደጋን እየተገዘገዙ የሚጮኹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ማሲንቆ አንድ ክር፣ ቫዮሊን አራት ክር አላቸው። ነገር ግን ልጅ የሚወደው አስቀድሞ የቀረበለትን ነውና፣ የየውብዳር የመጀመሪያ ፍቅር አራት ክር ያለው ሆነ። በ1925 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራቸው ተመልሰው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ጠላት መጣ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ከተማሩትና ከታወቁት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ወደ ኢጣሊያ ሲጋዙ፣ የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብም አብሮ ተጋዘ። በመጀመሪያ አዚናራ በምትባለው ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አጠገብ በምትገኘው በመርኮሊያኖ ታሰሩ። በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜ፣ ጣት ለሙዚቃ በሚፈታበት ወቅት፣ እርሳቸው የግዞት ኑሮ ይኖሩ ነበር።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ዕድል ወደ ካይሮ ወሰዳቸው። በዚያ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን ሊቅ አስተማሪያቸው ሆነ። የካይሮው ኑሮ ብዙ ልናስብበት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም የሙዚቃ ሰው ዕለታዊ ኑሮ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ደግሞ ፒያኖ ይለማመዱ ነበር፤ በድምሩ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። እኛ ጧት ገብተን ማታ እስክንወጣ በክፍል የምንቀመጥበት ሰዓት እንኳ ከዚህ ያንሳል፤ ያውም የዕረፍቱ ደወል ሲዘገይ ምን ያህል እንደምናጉረመርም ሁላችንም እናውቃለን። በቫዮሊን ላይ የግራ እጅ ጣቶች ክሩን የሚጫኑበትን ቦታ የሚያመለክት ምንም ምልክት የለም፤ ጣት በፀጉር ስፋት ቢስት ድምፁ ይበላሻል። ቦታውን ጆሮና ጣት ተባብረው በድግግሞሽ ብቻ ይማሩታል። ሰው ሙዚቀኛን በበዓል ቀን አጊጦ መድረክ ላይ ሲያየው ይህን ሁሉ አያይም።

የካይሮ ሙቀት ለጤናቸው አልተስማማምና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ኮንቶሮቪችም አብሮ መጥቶ የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ መሪ ሆነ። የውብዳር ግን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የጽሕፈት ሥራ ያዙ። ወጣቷ የቫዮሊን ተማሪ ቀን ቀን በመሥሪያ ቤት ወረቀት ያገላብጡ ጀመር ማለት ነው። በልባቸው ያለው ግን ለንደን በሚገኘው የሮያል አካዳሚ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው መማር ነበር። ዕድሉ ከተገኘ በኋላ ከአገር ለመውጣት የሚያስፈልገው ፈቃድ ተከለከሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። የመከልከሉ ነገር በወጣቷ ላይ ያደረሰው ኀዘን ቀላል አልነበረም። ለብዙ ቀናት እህል ሳይቀምሱ፣ ቡና ብቻ እየጠጡ ቆይተው ሆስፒታል እስከ መግባት ደረሱ፤ ሊሞቱ ነው ተብሎ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ከዚያም ረዥም እንቅልፍ ተኝተው ሲነሡ ልባቸው ተለውጦ ተገኘ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ለሙዚቃ ይሰጡት የነበረውን ትጋት ለጸሎት ሰጡት። ወላጅ የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን ስታነቡ ልጃችሁ በአንድ ነገር አጥብቆ ሲመኝ ምን እንደሚሰማው እንድታስቡ እወዳለሁ፤ «ያልፍለታል» የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ እስከ ሞት አፋፍ ያደርሳልና።

ከዚህ በኋላ ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ ጽጌ ማርያም የተባለውንም ስም ወሰዱ። ግሸን በመስቀል ቅርጽ የተሠራች አምባ ናት፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ እንዳረፈባት ይታመናልና በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ ይሳለማታል። በዚያች አምባ ላይ ጫማ ሳይጫሙ፣ በጭቃ ጎጆ ውስጥ እየኖሩ አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ፒያኖ የለም፤ ቫዮሊን የለም። የስዊዘርላንድ ትምህርት ቤትና የካይሮ ልምምድ እንደ ሕልም ሆኑ። ሆኖም አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ግሸን የምትገኘው በአምባሰል ነው፤ አምባሰል ደግሞ ከአራቱ ታላላቅ የአገራችን ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ የአንደኛው ስም ነው። መሣሪያ በሌለበት አገር ጆሮ ሥራ አይፈታም። በቅዳሴ፣ በማኅሌትና በሰዓታት አሥር ዓመት የቆመ ጆሮ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምት።

ከግሸን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ እናታቸው ቤት በተመለሱ ጊዜ ፒያኖውን እንደገና ነኩ። ጣቶቹ የቀድሞዎቹ ቢሆኑም የሚፈልጉት ዜማ ግን የቀድሞው ብቻ አልነበረም። ይህንኑ ለመከተል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ማጥናት ጀመሩ። በማኅሌት የሚቆሙት ወንዶች ካህናትና ደብተራዎች በመሆናቸው፣ አንዲት መነኩሲት ይህን ትምህርት ፈልጋ መምጣቷ የተለመደ አልነበረም።

የያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ ሦስት የዜማ ዓይነቶች ይከፈላል። ዋናው መጽሐፉ ድጓ ይባላል። በድጓው ላይ ከቃላቱ በላይ ትንንሽ ፊደላትና ምልክቶች ተጽፈው ይታያሉ፤ ይህን የምልክት ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። በአውሮፓ ኖታ እያንዳንዱ ነጥብ የድምፁን ከፍታና ርዝመት ያሳያል፤ ስለዚህ ዜማውን ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንኳ አንብቦ ሊጫወተው ይችላል። የድጓው ምልክት ግን ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የሚያውቀውን ሙሉ ሐረገ ዜማ የሚያስታውስ ነው፤ አስተማሪ በሌለበት ድዳ ነው። ስለዚህም የዜማ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ብዙ ዓመት ይቀመጣል። እማሆይ ሁለቱንም ንባብ ያወቁ ሰው ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ሰው በዘመናቸው እጅግ ጥቂት ነበር።

በጎንደር ሌላም ነገር አዩ። የዜማ ተማሪዎቹ፣ አብዛኛዎቹ ገና ልጆች፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ ይዘው፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በሚለምኑት ቁራሽ ያድሩ ነበር። ማታ ማታ በቤተ ክርስቲያን አጥር ዙሪያ ይተኛሉ። የአገሪቱን ታላቅ ዜማ የሚጠብቁት ልጆች የሚበሉት አልነበራቸውም። እማሆይም የሚሰጡት ገንዘብ ባይኖራቸው ሙዚቃቸውን ለመስጠት ቆረጡ። የደረሷቸውን የፒያኖ ዜማዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በጀርመን አገር በሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች መርጃ እንዲሆን አደረጉ። መመንኮስ ከሙዚቃ ለይቷቸው የነበረ ቢመስልም፣ ወደ ሸክላ ያደረሳቸው ይኸው የምንኩስና ርኅራኄ ነው።

ዜማዎቹን የሰማ ሰው ክርክራችንን እንደገና ያስባል። ግራ እጅ አንዳንድ ጊዜ እንደ አውሮፓ ቫልስ ባለ ሦስት ምት ረጋ ብሎ ይሄዳል። ቀኝ እጅ ግን ምቱን ሳይጠብቅ እየዘገየና እየቀደመ፣ በአንድ ድምፅ ዙሪያ ብዙ ትንንሽ ድምፆችን እያርገበገበ፣ ልክ መሪጌታ አንዱን ቃል እየጎተተ እንደሚያዜመው ይጓዛል። ድምፆቹ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ናቸው፤ እንደ ትዝታ። የውጭ አገር ሐያሲዎች አንዳንዶቹ ከአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ ጋር፣ አንዳንዶቹ ከፈረንሳዊው ከሳቲ ጋር ያመሳስሉታል። በእኔ አስተያየት እንዲህ የሚሉት ያሬድን ስላልሰሙ ነው። ግን ደግሞ በካይሮ የተደረገው ልምምድ ባይኖር ጣቶቹ ያን ማርገብገብ በፒያኖ ሊያወጡት ባልቻሉም ነበር። ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ነው እንግዲህ «አንዱን ጥለዋል» ሊል የሚችለው?

በደርግ ዘመን፣ እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም በደብረ ገነት መኖር ጀመሩ። በዚያ ኑሯቸው አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አልጋ፣ ሥዕለ አድኅኖና አንድ ፒያኖ ነበር። ጸሎትና ፒያኖ ቀኑን ይካፈሉት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራ 21ኛ ክፍል የእርሳቸውን ዜማዎች ይዞ ሲወጣ ዓለም አወቃቸው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር። ከእርሳቸው ዘንድ የሄዱ ሙዚቀኞችም በከረጢት ተጠቅልለው የተቀመጡ ብዙ የኖታ ወረቀቶች አገኙ። ከእነዚህም መካከል የተመረጡት በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጽሐፍ ታትመው ወጡ። እነሆ፣ ያለ አስተማሪም ማንም ኖታ የሚያነብ ተማሪ ሊጫወታቸው ይችላል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ካረፉ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ሌላ ሥራቸው ለሕዝብ ወጣ። ይህ ከአገር ከመውጣታቸው በፊት፣ በዚያ በደርግ ዘመን፣ በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው በቴፕ የቀረጹት ነው። በዚህ ካሴት ውስጥ ፒያኖ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ራሳቸው በአማርኛ ይዘፍናሉ። ስለ አገር፣ ስለ መለየትና ስለ ናፍቆት፣ በቀጭንና በተረጋጋ ድምፅ፣ ለራሳቸው እንደሚያንጎራጉሩ ሆነው። ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ጫጫታ አብሮ ተቀርጿል።