ባለአደራ፦ የ«ትረስቲ» ሥራ ከየት እስከ የት ነው?

ወልቂጤ ያለ የካንሰር ታካሚ የጨረር ሕክምና ሲታዘዝለት ያው የጅማ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ወይ ወደ አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ወይ ጊቤን ተሻግሮ ወደ ጅማ። ጅማ ሕክምናውን የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው፤ ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ያገሩ ታካሚ ሁሉ የሚሰለፈው ጥቁር አንበሳ ነበር። ማደሪያው፣ ትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው ምግብ ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ ቤተሰብ ያራቁታል። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ያዘጋጀው ለዚህ ነው።

እንዲህ ባለ ድርጅት ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ በላይ ሆነው አቅጣጫ የሚያሲዙ፣ ደመወዝ ግን የማይበሉ ሰዎች አሉ። እንግሊዞች «ትረስቲ» ይሏቸዋል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የበጎ አድራጎት ሕጋቸውም የድርጅቱን አጠቃላይ ቁጥጥርና አስተዳደር የያዙ ሰዎች ብሎ ይተረጉማቸዋል። በአማርኛ ባለአደራ ማለት ይበቃል።

ችግሩ ይህ ስም ፖለቲካው ውስጥ ቆይቶ መምጣቱ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባን ያስተዳደረው ባለአደራ አስተዳደር ስለነበር፣ ብዙ ሰው ባለአደራ ሲባል ባለቤቱ እስኪመጣ ወንበር የሚጠብቅ ጊዜያዊ ሹም ይመስለዋል። የድርጅት ባለአደራ ግን የሚጠብቀው ተረካቢ የለም። ከ«የበላይ ጠባቂ»ም ይለያል። የበላይ ጠባቂ በስሙና በክብሩ ድርጅቱን የሚያስጠራ ታላቅ ሰው ነው፤ ሒሳብ ካልተወራረደ የሚጠየቀው እሱ አይደለም። እኛ አገር ሁለቱን ማደባለቅ ልማድ ሆኗል፤ ባለሀብቱን በቦርድ ዝርዝር አስገብቶ በዓመት አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ማስቀመጥ።

የአገራችን ሕግም ሐሳቡን አያጣውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ንብረት በአደራ የሚተዳደርበትን መንገድ ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ የበላይ አካሉ የሆነለትን ማኅበር በቦርድ ከሚመራ ድርጅት ይለያል፤ የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በቦርድ በሚመራው ድርጅት የባለአደራነቱ ሸክም የሚያርፈው ቦርዱ ላይ ነው።

ለጉራጌ ሰው በኮሚቴ እጅ ገንዘብ መተው አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ያለው ነጋዴና አገር ቤት ያለው ገበሬ አዋጥተው መንገድ ያስጠረጉት በእንዲህ ያለ አመራር ነው። ዕድርም አለ። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፣ እኔ ትልቁ እሱ ይመስለኛል። በዕድር ገንዘቡን ያዋጣው ሰው ራሱ ስብሰባው ላይ ተቀምጧል፤ ዳኛው ካጠፋ እዚያው ተነስቶ ይጠይቀዋል። የካንሰር ድርጅት ታካሚ ግን አልጋ ላይ ነው፣ ድምፅም የለውም። የሰጠው ለጋስ ደግሞ ምናልባት ውጭ አገር ነው። ሁለቱም በሌሉበት ስለ ሁለቱም የሚጠይቀው ባለአደራው ነው።

ሥራው የሚፈተነው ከማረፊያና ከመድኃኒት ወጣ ያለ ሐሳብ ሲመጣ ነው። በብሪታንያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤለን ማካርተር የካንሰር ትረስት ከሕክምና የወጡ ልጆችንና ወጣቶችን በሸራ ጀልባ ባሕር ላይ እየወሰደ በራስ መተማመናቸውን ይመልስላቸዋል። ወልቂጤ ባሕር የላትም፤ ጊቤ ሸለቆ ግን ቅርቧ ነው፣ በቡታጅራ በኩልም የዘቢዳር ተራራ አለ። አንድ ድርጅት ታካሚዎችን ይዤ ልውጣ ቢል ቅንነቱን ማንም አይጠረጥርም። ባለአደራ ግን የኬሞ ሕክምና ነጭ የደም ሴል እንደሚቀንስ፣ ቆላው ወባ እንዳለበት አስታውሶ ይጠይቃል፦ ይህ ታካሚ እንዲወጣ የፈቀደው ሐኪም ማን ነው? ትኩሳት ቢነሳበት በስንት ሰዓት ሆስፒታል ይደርሳል? መልስ ካላገኘ ጉዞውን ያዘገያል፤ ጉዞውን ማዘጋጀቱ፣ ምሳ ማስቋጠሩ የሠራተኞቹ ነው።

ከባለአደራዎቹ አንዱ ሚኒባስ ካለው፣ ድርጅቱም ለጉዞው መኪና የሚከራይ ከሆነ፣ ሰውየው ጥቅሙን አስቀድሞ ተናግሮ ዋጋው ሲወሰን ከስብሰባው ይወጣል፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይያዛል።