የተሰጠ ድምፅ እንደገና የሚታየው መቼ ነው?



በጠቅላላ ጉባኤ አንድ ጉዳይ በድምፅ ብልጫ ካለፈ በኋላ «ይህ ነገር እንደገና ይታይልን» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ እውነት አለው። አንዳንዱ ግን ድምፅ ስላነሰው ብቻ ነገሩን በየወሩ ይቀሰቅሰዋል። ታዲያ ወሰኑ የቱ ጋ ነው? ሌላውም ዓለም የደከመበት ጥያቄ ስለሆነ ታሪኩን ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በ1604 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ የተወሰነ ጉዳይ በዚያው የስብሰባ ዘመን ተመልሶ አይነሣም ሲል ደነገገ። ይህ ጭቅጭቅን ይቆርጣል፤ ነገር ግን በችኮላ የተሠራ ስሕተት መታረሚያ ያጣል። መላውን ያመጡት አሜሪካኖች ናቸው። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ በ1863 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ምራ ቢባል ሥርዓቱን ባለማወቁ አፈረ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን ሲያጠና ኖሮ በ1876 የስብሰባ ደንብ መጽሐፍ አሳተመ።

በዚህ ደንብ መሠረት ድምፅን እንደገና ለማየት አራት አጥር አለ። አንደኛ፣ ጥያቄውን የሚያቀርበው ካሸነፈው ወገን ድምፅ የሰጠ ሰው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ጊዜው አጭር ነው፤ በዚያው ቀን፣ ወይም ጉባኤው ከቀጠለ በማግሥቱ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ ታይቶ ከወደቀ አይደገምም። አራተኛ፣ በውሳኔው መሠረት ተሠርቶ የማይመለስ ነገር ካለ አይነካም። ቀኑ ካለፈ ደግሞ መሻር የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ ለአባላት አስቀድሞ ማስታወቂያ ከተነገረ ተራ ብልጫ ይበቃል፣ ካልተነገረ ግን በልማዱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቃል።

ይህ የወረቀት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1920 ለአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት የሚሰጠው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲጸና ከ48ቱ ግዛቶች የ36ቱ ስምምነት ያስፈልግ ነበር። 35ቱ ተስማምተው ተራው የቴኔሲ ሆነ። ኦገስት 18 ቀን የ24 ዓመቱ እንደራሴ ሐሪ በርን፣ እናቱ «ደግፍ» ብላ የጻፈችለትን ደብዳቤ ይዞ ነበርና፣ ከተቃዋሚዎች ተለይቶ ደገፈ፤ ነገሩም 49 ለ47 አለፈ። ወዲያው ተቃዋሚው አፈ ጉባኤ ሴዝ ዎከር ድምፁን ወደ ድጋፍ አዞረ። ልቡ ተለውጦ አይደለም፤ ካሸነፈው ወገን ካልተቆጠረ «እንደገና ይታይ» ማለት ስለማይችል ነው። ባገኘው ጥቂት ቀን ሰው ለማስለወጥ ቢደክምም አልሆነለትም። ብዙ ተቃዋሚዎች ምልዓተ ጉባኤ እንዲጎድል ብለው ወደ አላባማ ሸሹ። ኦገስት 21 ቀን ግን የቀሩት ራሳቸው ጥያቄውን አንሥተው ጣሉት። ኦገስት 26 ቀን ማሻሻያው በዋሽንግተን ታወጀ። የቴኔሲ ምክር ቤት ኦገስት 31 ቀን ስምምነቱን አንቀበልም ብሎ ድምፅ ቢሰጥም ፋይዳ አልነበረውም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1922 ማሻሻያው የጸና ነው ሲል ፈረደ።

ከዚህ ለእድር የሚሆን ትምህርት አለ። መዋጮ ይጨመር ወይም ድንኳን ይገዛ ተብሎ ያለፈ ውሳኔ ገና ሥራ ላይ ካልዋለ እንደገና ማየት ነውር የለበትም። ለሐዘንተኛ ቤት የተከፈለ ገንዘብ ግን የሚመለስ አይደለም፤ እሱን መልሶ ማንሣት ለቅሶ ላይ ጠብ መጨመር ነው። ደግሞም በቴኔሲ ድምፅ የተሰጠው በስም ጥሪ ስለነበር ማን ከየት እንደቆመ ይታወቃል። እኛ እጅ አውጥተን ስንወስን ጸሐፊው ቁጥሩን ብቻ ከጻፈ፣ ያሸነፈው ወገን ማን እንደነበረ በኋላ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከባድ ጉዳይ ሲሆን ስም በቃለ ጉባኤ ቢመዘገብ፣ እንደገና የማየቱም ሥርዓት በመተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢሰጠው እንላለን። ደንቡ አስቀድሞ ከተጻፈ የተሸነፈው አይቀየምም፤ ያሸነፈውም አይኮራም።