ያለዕድሜ የታጠረ ማንነት

«አይደንቲቲ ፎርክሎዠር» ለሚለው የሥነ ልቦና ቃል ያቀረብነው አማርኛ ነው። አንድ ልጅ ሌላውን የሕይወት መንገድ ሳያይና ሳይሞክር «እኔ ይህ ብቻ ነኝ» ብሎ ሲቆርጥ ወይም ሌሎች ሲቆርጡለት ማንነቱ ያለዕድሜው ታጠረ እንላለን። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1966 በጥናቱ ያስተዋወቀው ጄምስ ማርሻ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። በኋላ የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ገና በልጅነታቸው ለውድድር የተሰጡ አትሌቶችን ሁኔታ ለመግለጽ ተጠቀሙበት።

«ያለዕድሜ» የሚለውን የመረጥነው አስበንበት ነው። ያለዕድሜ ጋብቻን ስንቃወም ትዳርን እየጠላን አይደለም፤ ልጅቱ ሳትበስልና ሳትመርጥ መዳሯን ነው የምንቃወመው። እዚህም ስፖርቱ ክፉ አይደለም። አትሌትነቱን አጥብቆ የሚወድ ልጅ ብርታት ያገኝበታል። ጉዳቱ የሚመጣው ከስፖርቱ በቀር ሌላ «እኔ» ሲጠፋ ነው።

እስቲ አንዲት የ16 ዓመት ሯጭ እናስብ። ጅማቷ ተጎድቶ ሐኪም ለሦስት ወር ከልምምድ አግዷታል። ንጋት ላይ ጓደኞቿ ቱታቸውን ለብሰው ሲወጡ እሷ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ኮቴያቸውን ታዳምጣለች። እናቷ ሲደውሉ «እግርሽ እንዴት ሆነ?» ይላሉ፤ አሰልጣኟ «መቼ ትመለሻለሽ?» ይላል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት የለም። ቢኖርም መልሱ ይቸግራታል፤ ሰው የሚያውቃት በሩጫ ሰዓቷ ነው፣ እሷም ራሷን የምታውቀው በሰዓቷ ነው።

ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ሲዋኝ ገና 15 ዓመቱ ነበር። በኋላ 23 የኦሎምፒክ ወርቅ ሰበሰበ፤ ይሁንና ራሱን እንደ ዋናተኛ እንጂ እንደ ሰው አይቶ እንደማያውቅ፣ በከባድ ድብርትም እንደተሠቃየ በአደባባይ ተናግሯል። በአንጻሩ ሯጯ ደራርቱ ቱሉ ወልዳ ወደ ውድድር ተመልሳ በዚያው ሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። እናትነቷ ሯጭነቷን አልቀማትም።

በዓረፍተ ነገር ሲገባ፦ «ትምህርቱን አታስጥሉት፤ ማንነቱ ያለዕድሜው እንዳይታጠር።»

አጥር ደግሞ በር ይወጣለታል። ያልተቋረጠ ትምህርት በር ነው፤ ስለ ሩጫ የማያወራ የሰፈር ጓደኛም በር ነው። ልጅ ከውድድር ሲመለስ ደግሞ «ስንተኛ ወጣህ?» ከሚለው በፊት «ራበህ ወይ ልጄ?» የሚል ድምፅ ቤቱ ይጠብቀው።